የመዝናኛ ፓርክ ሲሙሌተር ከጀርባ እንዴት ይንቀሳቀሳል?

ዱባይ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። «ሰዎቹን ወንበር ላይ ታስቀምጣለህ፤ ከዚያስ?» ትለኛለች በስልክ።

«አነቃንቃቸዋለሁ።»

«ለዚህ ነው የሚከፍሉህ?»

አዎ፣ ለዚህ ነው። አንድ ፓርክ ውስጥ የሲሙሌተር ኦፕሬተር ነበርኩ፤ ሲሙሌተር ማለት ሰው ውስጡ ተቀምጦ ፊልም እያየ ከፊልሙ ጋር የሚነቃነቅ ዝግ ካቢን ነው። ሥራውን ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ወይም ተሳፍራችሁ «ይሄን ነገር ማን ነው የሚያየው?» ብላችሁ ከሆነ፣ እነሆ።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት። ካቢኑ የትም አይሄድም። እኔ በሠራሁበት ካቢን ሥር የሚረዝሙና የሚያጥሩ ስድስት የብረት እግሮች ነበሩ። አንዳንዱ ማሽን በዘይት ግፊት ይሠራል፣ አንዳንዱ በኤሌክትሪክ ሞተር። እኔ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ፤ የተንጠባጠበ ዘይት ወልውሎ የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል። ነገሩ የመጣው ከፓይለት ማሠልጠኛ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፓይለቶች የሚለማመዱባቸው ሲሙሌተሮችም የእሱ ዘመዶች ናቸው። የአሜሪካው መዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ስታር ቱርስ የተባለውን የጠፈር ጉዞ ሲሙሌተር ሲከፍት ይህንኑ ቴክኖሎጂ 40 ሰው የሚይዝ መጫወቻ አደረገው።

ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ፊልሙ ላይ የጠፈር መንኮራኩሩ ሲፈተለክ ካቢኑ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። የገዛ ክብደታችሁ ከመደገፊያው ጋር ያጣብቃችኋል። ውጭው ስለማይታያችሁ ጆሯችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ፈጠንን» ብሎ ያምናል። ከዚያ ካቢኑ እንዳይታወቅባችሁ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፊልሙና እንቅስቃሴው ትንሽ ከተለያዩ ግን ሆድ ይገለበጣል።

ጠዋት። ቴክኒሻኖቹ ከካቢኑ ሥር ሲገቡ እያንዳንዱ ዋናውን ማብሪያ በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር። ሁሉም ወጥቶ የየራሱን እስኪፈታ ማሽኑን ማንም አያስነሳም። «የእኔን አንተ ፍታልኝ፣ ሻይ ልጠጣ» የሚል አይጠፋም። እምቢ በሉት። ቀጥሎ ካቢኑ ባዶውን ተነቃንቆ ይሞከራል፤ እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን ድምፁን አዳምጡ።

ማስገባት። ቁመት፣ ቦርሳ፣ የሰው ቁጥር። ስታር ቱርስ ላይ ለምሳሌ ከ102 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ አይገባም። ከእናት ጋር አትከራከሩ፤ ወደ መለኪያው ጠቁሙ።

ቀበቶ። እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

መቆጣጠሪያው ላይ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ትንሽ ካሬ አለ። ቀበቶው ካልተቆለፈ ቀይ፣ ሲቆለፍ አረንጓዴ። ሁሉም አረንጓዴ ካልሆነ ኮምፒውተሩ አያስነሳም። አዲስ ኦፕሬተር ይህን ሲያይ ይዝናናል። እኔም ተዝናናሁ።

በሦስተኛው ወር አንዲት እናት ልጇ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ሲያለቅስባት ቀበቶውን ባዶ ወንበር ላይ ቆለፈችና ልጁን ከላይ አስቀመጠችው። እኔ ስክሪኑን አየሁ። አረንጓዴ። ላክሁት። ፊልሙ ቁልቁል ሲወረወር ጨለማ ውስጥ በሚያየው ካሜራ አንድ ትንሽ ነገር ከወንበር ወደ ወለል ሲንሸራተት አየሁ። ቦርሳ መሰለኝ። ከዚያ ቦርሳው እጁን ዘረጋ።

አቆምኩት። ልጁ ከአንድ እግር ጫማው በቀር ምንም አልሆነም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጉልበቴ ከዳኝ።

በማግስቱ አለቃዬ ባዶ ካቢን ውስጥ አስገባኝና ቀበቶዎቹን ሁሉ በአየር ላይ እንድቆልፍ አዘዘኝ። ጨርሼ ስመጣ መቆጣጠሪያው ላይ አንድም ቀይ የለም። «በል ላከው» አለኝ። ውስጥ ሰው የሚባል አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በየረድፉ እየሄዳችሁ የእያንዳንዱን ሰው ቀበቶ በእጃችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ስትስቡ የሰውየው ጭን ካልተነካ፣ ቀበቶው ሌላ ነገር ነው ያሰረው። ጃኬት ወይም ሻርፕ ከሸፈነው «ይቅርታ፣ ከፍ ያድርጉልኝ» በሉ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው ያጉረመርማል። ያጉረምርም። በስክሪን ብቻ አይቶ የሚልክ «ፈጣን» የሥራ ባልደረባ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን ልጄን እሱ ሽፍት ላይ አላሳፍርም።

መላክ። በሩ ይዘጋል፣ መሻገሪያ ድልድዩ ይሸሻል፣ በር ላይ ያለው ባልደረባ አውራ ጣቱን ያሳያችኋል፣ ትጫናላችሁ።

ማየት። ፊልሙን አትዩ፤ አንድ ሺህ ጊዜ አይታችሁታል። እጅ እዩ። ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ ደስታ ነው። አፍ ላይ ያለ እጅ ፌስታል ይፈልጋል። ቀበቶ የሚጎረጉር እጅ ካያችሁ ጣታችሁን ማቆሚያው በተን ላይ አድርጉ።

የቱ በተን ላይ? ሁለት ናቸው። መደበኛው ማቆሚያ ካቢኑን አስተካክሎ ያወርደዋል፣ መብራት ያበራል፣ በሩን ከድልድዩ ጋር ያገናኘዋል። ትልቁ ቀይ ደግሞ ኃይሉን ይቆርጣል። ያኔ በሩና ድልድዩ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ቴክኒሻን ሳይመጣም ማሽኑ አይነሳም። ሰው የሚጎዳ ነገር ካያችሁ ቀዩን ለመጫን አታመንቱ። አለዚያ መደበኛው ይበቃል። የቱንም ብትጫኑ ወዲያው ማይኩን ያዙ። ማሽኑ ድንገት የቆመበት ሰው ድምፅ ካልሰማ ቀበቶውን ፈትቶ ይነሳል።

መዝገብ። ማታ የወንበር ቁጥር፣ ሰዓት፣ የሆነውን ጻፉ። ያስመለሰውንም ሰው ጭምር። አንድ ሰው ካስመለሰ ምሳው ነው። በአንድ ከሰዓት አራት ሰው ካስመለሰ ግን ቴክኒሻን ጥሩ፤ ፊልሙና ካቢኑ ተለያይተው ሊሆን ይችላል።