ከጣርማ በር እስከ ጣሊያን መዝገብ ቤት፦ የጣሊያናዊ አያትን ሐረግ መፈለግ

የጣርማ በር ዋሻ በተፈለፈለበት በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በመንገዱ ዳር ከወታደሩ ሌላ ጣሊያናውያን ግንበኞች፣ ሾፌሮችና መካኒኮችም ነበሩ። ከእነርሱ የተወለዱት ልጆች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አርፈዋል። የልጅ ልጆቻቸው «አያታችን ማን ነበር?» ብለው ሲነሡ በእጃቸው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስምና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ግን ሩቅ መሄድ ይቻላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የጣሊያን መዝገብ የሚጠበቀው በኮሙኔ፣ ማለትም የራሱ ማዘጋጃ ቤት ባለው ከተማ ወይም መንደር፣ መሆኑ ነው። «ጁሴፔ ሮሲ» የሚል ስም ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው ተመሳሳይ ስም ያላቸው እጅግ ብዙ ሰዎች ይገጥሙታል፤ የትውልድ መንደሩንና የተወለደበትን ዓመት በግምትም ቢሆን ያወቀ ግን በአንድ ቀን ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እዚሁ፣ በቤተሰብ መካከል፣ የሚሠራ ነው።

ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ለየብቻ፣ በትዕግሥት ይጠይቁ። ሰሜን ሸዋ አርበኞች የተዋደቁበት አገር በመሆኑ ጉዳዩ በብዙ ቤት በዝምታ ተሸፍኖ ኖሯል፤ ያን ዝምታ ማክበር ያስፈልጋል። የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን ሥራው ምን እንደ ነበር፣ ስለ አገሩ ባሕር ወይስ በረዶ ያወራ እንደ ነበር፣ የእናቱን ስም አንሥቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ስሙን ሲጽፉ ሴት አያትዎ በአፋቸው እንደሚጠሩት ይጻፉት፤ በእኔ አስተያየት በጆሮ የተያዘ ስም ከወረቀቱ ንባብ ይበልጥ ይታመናል። ለምሳሌ «ቢያንኪ» የሚለውን የቤተሰብ ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘ ሰው በእንግሊዝኛ ልማድ «ቢያንቺ» ብሎ ያነበዋል፤ አሮጊቷ ግን በትክክል «ቢያንኪ» ይላሉ።

የፎቶግራፍ ጀርባም ሳይታይ አይታለፍ። ደብረ ሲና ውስጥ አንዲት እናት በነጠላ ጠቅልለው ካኖሩት ፎቶግራፍ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ የሮማውያን ቁጥር 16 ነበረበት፤ የጦር ክፍል ቁጥር መስሎን ብዙ ደከምን። በኋላ እንደተረዳነው ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ 16ኛው ዓመት ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ዓ.ም. ያለው ነው። በዚያች አንዲት ቁጥር ፎቶግራፉ የተነሣበት ዘመን ታወቀ።

የልጁን የልደት ቀን ለማግኘት የክርስትናውን ቀን ይጠይቁ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። ልጁ በእናቱ አባት ወይም በእንጀራ አባቱ ስም ተጠርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በእኛ ወረቀቶች ላይ «አባት» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ወላጅ አባት አይደለም።

በጣሊያን በኩል ልጁን በአባቱ ስም ተመዝግቦ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ የግንቦት 1932 ዓ.ም. ሕግ ደግሞ አባቱ እንዲህ የተወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ወረቀቱ የጠፋው አባት ሁሉ ልጁን ስለ ካደ አይደለም፤ ይህን ለቤተሰቡ መንገር ተገቢ ነው። የሚፈለገው እንግዲህ የልጁ ሳይሆን የአባቱ መዝገብ ነው።

በወረራው ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዓመት የነበረው ሰው የተወለደው ከ1896 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የተባበረችው ጣሊያን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምራ ስለ ደነገገች፣ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ከነበሩት እንደ ትሬንቲኖ ካሉ አውራጃዎች በቀር ልደቱ በኮሙኔው መዝገብ ላይ መገኘት አለበት። የጣሊያን መንግሥት መዛግብት «አንቴናቲ» በተባለው ድረ ገጽ የብዙ ኮሙኔዎችን መዝገብ ፎቶ በነፃ ያሳያሉ፤ «ፋሚሊሰርች» የተባለው የቤተሰብ ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽም እንዲሁ። መዝገቡ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነና ቀኑም በቃላት ስለሚጻፍ ገጽ በገጽ ከማንበብ ይልቅ በየዓመቱ መጨረሻ ያለውን የስም ማውጫ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

ለእኛ ዓይነቱ ፍለጋ ከሁሉ የሚበልጠው «ፎሊዮ ማትሪኮላሬ» የተባለው የውትድርና ቅጽ ነው። ወንዶች ሁሉ ዕድሜያቸው ሲደርስ ለምልመላ ይመዘገቡ ስለ ነበር ግንበኛውና ሾፌሩም ሊኖራቸው ይችላል፤ የሚገኘውም በአውራጃው ዋና ከተማ ባለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። በላዩ የአባትና የእናት ስም፣ ቁመት፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም፣ ሙያ፣ ከዚያም በየትኛው ቀን በመርከብ ተሳፍሮ ምጽዋ እንደ ወረደ ሊገኝ ይችላል። ሴት አያት «ዓይኑ ሰማያዊ፣ አናጢ ነበር» ያሉት ቃል ከዚህ ቅጽ ጋር ሲገጥም ሰውየው እርሱ ስለ መሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። በ1933 ዓ.ም. ተማርኮ ከሆነ ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የጦር ምርኮኞችን ካርድ አስቀምጧል።

ለኮሙኔው ሲጽፉ በጣሊያንኛ፣ በአጭሩ ይጻፉ፤ የልደት ማስረጃውንም የአባትና የእናት ስም ያለበት፣ «ኮን ፓተርኒታ ኤ ማተርኒታ»፣ ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ካልተባለ የወላጆቹ ስም ሳይጻፍ ይሰጣል። ቀኖችን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያስፍሩ። የልደት መዝገቡ ኅዳግ በኋላ የፈጸመውን ጋብቻና የሞተበትን ቀን ሊይዝ ስለሚችል፣ ልጁ በአባት በኩል በጣሊያን እኅትና ወንድሞች ያሉት መሆኑ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። እነርሱን ካገኙ በመጀመሪያው ደብዳቤ የፎቶግራፉን ቅጂ ያኑሩ፤ ውርስ ለመጠየቅ አለመጻፍዎን በግልጽ ይንገሯቸውና መልሳቸውን ሳይጫኑ ይጠብቁ።