ካርድ እምቢ ሲል ቹንቾን የሚያደርሰው ባቡር

ሴሚስተሩ በተከፈተ ሰሞን የነዋሪነት ካርዴ ገና አልወጣም ነበር። ያለ እሱ ማንነት የሚረጋገጥበት የኮሪያ ስልክ ቁጥር ማውጣት ጭንቅ ነው፤ ያለ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ ግማሹ መተግበሪያ በር አይከፍትም። ቅዳሜ ከሴኡል ወደ ቹንቾን ከተማ የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ትኬት ልቆርጥ ስል የአገር ቤት የባንክ ካርዴም እምቢ አለ።

መፍትሔው ፈጣኑን ባቡር መተው ሆነ። ከሴኡል ሳንግቦንግ ጣቢያ ተነስቶ ቹንቾን የሚደርስ ተራ የከተማ ባቡር አለ። ትኬት አስቀድሞ አይቆረጥለትም፣ የመቀመጫ ቁጥር የለውም፤ ገንዘብ እየተሞላበት ለመጓጓዣ በሚያገለግለው በቲመኒ ካርድ ይከፈላል። ካርዱን ከዶርሚታሪው በታች ካለው ሱቅ ገዝቼ በጥሬ ገንዘብ ሞላሁት። ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቶ ካርዱን መሣሪያው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ቋንቋ እንኳ አይጠይቅም። ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ጠዋት ተራራ ወጪዎች ቦርሳቸውን አዝለው ስለሚሞሉት ቀደም ብሎ መሳፈር ይሻላል።

ቹንቾንን የመረጥኩት በኮሪያ ጦርነት የተዋጉትን የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ ለማየት ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልት ከጎንጂቾን ወንዝ አጠገብ ቆሟል፤ ፊት ለፊቱ ጣሪያው የጎጆ ቤት ቅርጽ ያለው ሙዚየም አለ። ከጣቢያው እስከዚያ በታክሲ ሂዱ፤ እኔ በእግር ሄጄ ፀሐዩ ፈጅቶኛል።