ገላን ያለው ሰርቨር አላስገባም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

በገላን፣ በዱከም፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ ግቢ ውስጥ የተቀመጠ የሊኑክስ ሰርቨር በኤስኤስኤች (ከርቀት ገብቶ ማዘዣ መንገድ) አላስገባ ካለ፣ መኪና ከማስነሳት በፊት ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት በደንብ ማንበብ ነዳጅ ይቆጥባል። ምንም ምላሽ ካልመጣ ችግሩ መንገድ ላይ ወይም መብራት ላይ ነው። ወዲያው እምቢ ካለ አድራሻው ተደርሷል፣ ፖርቱ (አገልግሎቱ የሚጠብቅበት የበር ቁጥር) ላይ ግን ተቀባይ የለም ወይም ተከልክሏል። ማንነት ጠይቆ ከከለከለ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ሮውተር መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ብዙ ቆይቶ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት»

ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ መጀመሪያ የሚጠየቀው መብራት ነው። ለጥበቃው ደውለው መብራት ሄዶ እንደነበርና ሰርቨሩ መብራቱን እያበራ እንደሆነ ይጠይቁ። መብራት መጥቶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ከቀረ፣ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ምርጫ «ፓወር ኦን» ላይ ያድርጉ። በርቶም ካልተገኘ ስክሪን ይሰካለት። «ኢመርጀንሲ ሞድ» ከታየ፣ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ (fstab) ፋይል ላይ የተመዘገበ ዲስክ ሲነሳ አልተገኘም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሰው ነቅሎ የወሰደው የባክአፕ ዲስክ ነው። በዚያ መስመር ላይ «ኖፌል» (nofail) ከተጨመረ ዲስኩ ባይኖርም ማሽኑ ይነሳል።

ግቢው ውስጥ ካለ ላፕቶፕ እየገባ ከውጭ ብቻ እምቢ ካለ የውስጥ አድራሻውን ይመልከቱ። ሮውተሩ ሲነሳ 192.168.1.10 የነበረውን ሰርቨር 192.168.1.14 አድርጎት ይሆናል፣ ፖርት ፎርዋርዱ (ከውጭ የመጣውን ወደ ሰርቨሩ የሚመራው የሮውተሩ ትእዛዝ) ግን አሁንም ወደ አሮጌው 192.168.1.10 ይልካል። ሮውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ቋሚ ቁጥር ያስይዙለት። ይህ ትክክል ሆኖ ሳለ ካልሠራ፣ ሮውተሩ በዋን (የኢንተርኔት በኩል) ገጹ ላይ የሚያሳየውን አድራሻ ያንብቡ። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ የውጭ አድራሻውን ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ በሲም ካርድ በሚሠሩ ሮውተሮች የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ፖርት ፎርዋርድ ምንም ቢስተካከል አይሠራም። ወይ ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይ ግንኙነቱን ሰርቨሩ ራሱ እንዲጀምር ማድረግ ነው፦ ቋሚ አድራሻ ባለው ሌላ ማሽን ላይና በግቢው ሰርቨር ላይ ዋየርጋርድ (ሁለቱን የሚያገናኝ ቪፒኤን) ይትከሉ፣ በግቢው ሰርቨር በኩል መስመሩ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ኪፕአላይቩን 25 ሰከንድ ያድርጉ።

ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ»

ኮንሶል (ሰርቨሩ ላይ በተሰካው ስክሪንና ኪቦርድ) ላይ የኤስኤስኤች አገልግሎቱ «ኤስኤስኤችዲ» ከትንሹ ቲ ጋር (sshd -t) ሲታዘዝ የማስተካከያ ፋይሉ ላይ የተበላሸውን መስመር ቁጥር ይናገራል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፖርት ቀይረው አገልግሎቱን ብቻ ሪስታርት ካደረጉ አሮጌው ፖርት ይቀጥላል፤ አስቀድሞ ዴመን ሪሎድ (systemctl daemon-reload)፣ ቀጥሎ የኤስኤስኤች ሶኬቱን ሪስታርት (systemctl restart ssh.socket) ማድረግ ያስፈልጋል።

ከቢሮ እምቢ ብሎ በስልክ ዳታ ካስገባ፣ ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ የሚያግደው ፌይልቱባን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። እንደመጣ ከተተወ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ ለተሳሳተ አድራሻ 10 ደቂቃ ይዘጋል። ቢሮው በአንድ የውጭ አድራሻ የሚወጣ ከሆነ የአንዱ ስህተት ሁሉንም ያስቀጣል። የቢሮው አድራሻ ቋሚ ከሆነ የፌይልቱባን «ኢግኖር አይፒ» (የማይታገዱ አድራሻዎች) ላይ ያስገቡት።

«ፐርሚሽን ዲናይድ»

መጀመሪያ የተጠቃሚው ስም ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የፋይል ፈቃድ (ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስኑ ቁጥሮች)፦ የኤስኤስኤች ፎልደሩ 700፣ በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገቡት ቁልፎች ያሉበት ፋይል (authorized_keys) 600፣ ባለቤታቸውም ተጠቃሚው ራሱ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚረሱት የሆም ፎልደሩን ነው። ለመመቸት ብሎ አንድ ሰው 777 (ማንም የሚጽፍበት) ካደረገው ኤስኤስኤች ቁልፉን አያምነውም፤ ወደ 755 ወይም 750 ይመልሱት። የሚገቡበት ፕሮግራም ምክንያቱን አይነግርዎትም፣ የሰርቨሩ ሎግ ግን «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» ብሎ ይጽፈዋል።

የይለፍ ቃል መግቢያን ፈቅደው አሁንም ከከለከለ፣ ኡቡንቱ ላይ ዋናው የኤስኤስኤች ማስተካከያ ፋይል ከላይ ሌሎች ትንንሽ ፋይሎችን እንደሚያስገባ ያስታውሱ። መጀመሪያ የተነበበው ዋጋ ያሸንፋል፣ ስለዚህ ክላውድ ኢኒት (ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የጻፈው ከእርስዎ ይቀድማል። «ኤስኤስኤችዲ» ከትልቁ ቲ ጋር (sshd -T) ፋይሎቹ ሁሉ ተነብበው የሚጸናውን እውነተኛ ዋጋ ያሳያል። ይህን ሁሉ ሲነካኩ የተከፈተውን መስኮት አይዝጉ፤ በሌላ መስኮት ገብተው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይውጡ።

አሮጌ ፑቲ (ከዊንዶውስ በኤስኤስኤች መግቢያ ፕሮግራም) በአርኤስኤ ቁልፍ ትናንት ገብቶ ሰርቨሩ ሲታደስ ከቀረ፣ ኦፕንኤስኤስኤች በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው 8.8 ጀምሮ፣ እንደመጣ ከተተወ፣ በአሮጌው የሻ1 ስሌት የተፈረመውን ስለማይቀበል ሊሆን ይችላል። ፑቲን ያድሱ፣ ወይም የኢዲ25519 (አዲስ ዓይነት) ቁልፍ ያውጡ።

የስልኩ ባለ 6 አኃዝ ኮድ «ስህተት ነው» ሲባል

ለተጨማሪ ማረጋገጫ የስልኩ አፕ ከሰዓቱ አስልቶ የሚያወጣው ኮድ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። የሰርቨሩ ሰዓት ከተዛባ ትክክለኛው ኮድም አይሠራም። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ አልቃለች፤ ቀይረው ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ያስነሱ። ሎግ ሲያነቡም ሰዓቱ በዩቲሲ (ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ከተጻፈ 3 ይደምሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት፦ 23:10 ማለት ከሌሊቱ 8፡10 ነው፣ ቀኑም አንድ ይጨምራል። ጥበቃው «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ» ያለው ከሎጉ ጋር የሚገጥመው በዚህ ስሌት ነው።