ኤልደን ሪንግ በጌም ቤት፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ በሰዓት ከፍለህ ኤልደን ሪንግ የተባለውን የውጊያ ጌም ስትጫወት ሰዓቷን በወርቃማው ፈረሰኛ አታስበላት። ሜዳው ላይ ስትወጣ ፊት ለፊት የሚንጎራደደው እሱ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም፣ በጥቂት ምት ይጥልሃል። ዞረህ እለፈውና ጣሪያዋ ወደፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ግባ፤ ነጋዴው ክራፍቲንግ ኪት (ዕቃ መሥሪያ) በ300 ሩን (የጨዋታው ገንዘብ) ይሸጥልሃል። ከዚያ መንገዱን ይዘህ ወደ ሰሜን፣ ጌትፍሮንት ወደሚባለው ማረፊያ። እዚያ ስታርፍ ሜሊና የምትባል ሴት መጥታ ፈረስ የምትጠራበትን ፊሽካ ትሰጥሃለች፤ ሌቭል መጨመርም የሚቻለው ከእሷ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌቭሎች ቪገር (የደም መጠንህ) ላይ አውል፤ ጀማሪን የሚገድለው የሰይፉ መደነዝ ሳይሆን የደሙ ማነስ ነው። ስትሞት ሩንህ የወደቅክበት ይቀራል፤ ሳታነሳው ድጋሚ ከሞትክ አለቀለት።

መብራቱንም አትርሳ! ጨዋታው ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሁልጊዜ ከሜኑ ውጣ፤ ፒሲ ከሆነ ሴቩን በፍላሽ ገልብጥ።