ለልጆች ትዕግሥትን ማስለመድ

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ትዕግሥትን ከመንፈስ ፍሬዎች መካከል ቆጥሮታል፤ ፍሬ ደግሞ በቁጣ አይበስልም። ስለዚህ ልጅን «ታገሥ!» እያሉ ከመገሠጽ በፊት፣ የሚጠብቀው ነገር መቼ እንደሚደርስ ማሳወቅና የገቡለትን ቃል ሳያጓድሉ መፈጸም ያስፈልጋል። በመንዝም ሆነ በደብረ ብርሃን እናት የገብስ ቆሎ ስትቆላ ልጅ ምጣዱ ዳር ተቀምጦ እጁን ይሰዳል። በዚያን ጊዜ «ቆይ» ብቻ ብሎ ከመመለስ «ከምጣዱ ወርዶ ሲበርድ የመጀመሪያው እፍኝ ያንተ ነው» ይባል፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ያ እፍኝ ለእርሱ ይሰጥ። ቃል የታጠፈበት ልጅ ከመጠበቅ መንጠቅ እንደሚያዋጣ ይማራል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም።

አጭሩን ጥበቃ ሲለምድ ወደ ረጅሙ ይሻገር። በሰኔ ባቄላ ሲዘራ ከማሳው ጥግ ጥቂት ትልም ይከለልለት፤ ራሱ ይዝራ፣ ራሱ ይረም። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ስለ ዘሩ የተናገረውን፣ ገበሬው ሲተኛና ሲነሣ እንዴት እንደሆነ ሳያውቀው መጀመሪያ ቡቃያ፣ ኋላም ዛላ፣ በመጨረሻም ሙሉ ፍሬ እንደሚሆን፣ በዚያው በማሳው ዳር ቢያነቡለት ይበልጥ ይገባዋል። ከተማ ለሚኖሩ በጣሳ የተዘራ ባቄላም ይበቃል።

ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ግን ከጾመ ፍልሰታ የተሻለ አጋጣሚ የለም ብዬ አምናለሁ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባሉት ቀናት ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ያስቀድሳሉ፣ ይቈርባሉም፤ በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚፈጸም ጥበቃው ለትንሽ ልጅ ቀላል አይደለም። ሁሉንም ልጅ እንደ አዋቂ ማስጾም ተገቢ ስላልሆነ፣ ዕድሜውንና ጤናውን ያገናዘበውን ሰዓት ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ መወሰን ይገባል። በነሐሴ ዝናብና ብርድ ጋቢ ደርበውለት፣ ሲቁነጠነጥ ከመቆንጠጥ ይልቅ ቅዳሴው የት እንደ ደረሰ በጆሮው ይንገሩት፦ «ወንጌል ተነበበ፤ እግዚኦታው ሲደርስ ቁርባኑ ቀርቧል ማለት ነው።» ያን ጊዜ ልጁ ዝም ብሎ ከመቆም አልፎ ቅዳሴውን መከታተል ይጀምራል።

ልጅን የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። ለዚህ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ያለው የሳኦል ታሪክ ይተረክለት፤ ንጉሥ ሳኦል ነቢዩ ሳሙኤል እስከ ቀጠረው ቀን ሰባት ቀን ቆየ፣ ሕዝቡ ሲበተንበት ግን ፈርቶ መሥዋዕቱን ራሱ አሳረገ፤ አሳርጎ እንደ ጨረሰም ሳሙኤል ደረሰ። ከዚያም «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን ግን እርሱ ይናገር።

መታገሥ አቅቶት ቢያለቅስ ወይም ቢነጥቅ፣ ሐዋርያው በኤፌሶን 6፥4 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ማዘዙን ወላጅ ያስታውስ። የነጠቀውን በእርጋታ ያስመልሰው፣ አባብሎም ያረጋጋው፤ በማግስቱም ጥበቃውን አሳጥሮ እንደገና ይጀምር።