ከጅማ ቦሌ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? አሰላሉ እንዲህ ነው

ከጅማ አዲስ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ብትጠይቁ አንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ሌላው አንድ ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ ግማሽ ቀን ይላችኋል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። የቆጠሩት ነገር ነው የሚለያየው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንያዝ። መኪና ጊቤን ወርዶ ወጥቶ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፎ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። አውሮፕላን ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጉግል ማፕ ላይ የአባ ጅፋር ኤርፖርትን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ርቀት መለኪያውን መርጣችሁ ቦሌ ድረስ ሳቡት፤ 262 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላችኋል። ኔትወርክ ከሌለ በወረቀትም ይወጣል። ቦሌ ከጅማ 1.31 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ 1.98 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ነው። እኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 144 እና 218 ይመጣል። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ፤ ያው የትምህርት ቤቱ ፓይታጎረስ ነው።

ዳሽ 8 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ስታካፍሉት 26 ደቂቃ አካባቢ ነው። ግን ከመነሳቱ በፊት መሬት ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ላይ ሲወጣም ሲወርድም ፍጥነቱ ያንን ያህል አይደለም። ስለዚህ ያገኛችሁት ላይ ሁሌም ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ትኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ለጄት ደግሞ በ850 አካፍሉ። ከቦሌ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። የጅዳ ሰዓት ከእኛ እኩል ነው፤ ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ስለሚቀድመን ከመነሻና መድረሻው ልዩነት ላይ አንድ ቀንሱ።

አሁን ዋናው ነገር፣ የሰዓት አቆጣጠሩ። አክስቴ ትኬቷ ላይ 07:40 የሚለውን አይታ ከሰዓት መስሏት ለልጇ የቋጠረችውን ጥሬ ቡና ይዛ ስድስት ሰዓት ላይ ኤርፖርት ደረሰች። በረራው ጠዋት 1:40 ላይ ሄዷል። ቡናውን ታቅፋ በባጃጅ ስትመለስ ያየሁት ፊቷ እስካሁን አይጠፋኝም። ስለዚህ ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ ከ24 ሰዓቱ ላይ 6 ቀንሱ፦ 16:20 ማለት 10:20 ከሰዓት ነው። ከ07:00 በፊት ከሆነ 6 ደምሩ። 19 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፤ 20:00 ማታ 2 ሰዓት ነው። እናትና አባት ብቻቸውን የሚሄዱ ከሆነ በእኛ ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ በጣም አደራ።

ከቤት እስከ ቤት ለማስላት ባጃጁን፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረሱን፣ በረራውን፣ ሻንጣ መጠበቁንና የአዲስ አበባን መንገድ ደምሩ። አራት አምስት ሰዓት ይሞላል። በመኪና ሰባት ስምንት ስለሆነ አሁንም ያዋጣል።

ከቦሌ ወደ ውጭ የሚቀጥል በረራ ካላችሁ ግን ክረምት ላይ ጠባብ ሰዓት አትያዙ። ዝናቡና ደመናው ያዘገያል፤ እኔ ብሆን በዋዜማው እገባለሁ። ከጅማ የሚወስዳችሁ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ያው ከቦሌ የሚመጣው ስለሆነ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ከዚያ መነሳቱን ፍላይትራዳር24 በሚባለው የአውሮፕላን መከታተያ አፕ ላይ እዩ።