ስሙ ሲበዛ ቁም ነገሩ እንዳይጠፋ፦ በጎንደር የጋራ የሥራ ቦታ ለሚከፍቱና ለሚመሩ

ረዘም ያለ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሶኬትና ዋይፋይ ያለው ቤት ሁሉ «ኮዎርኪንግ» (የጋራ የሥራ ቦታ) የሚል ታፔላ ሊሰቅል የሚችልበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። ታፔላውን መስቀል የሚከለክል የለም፤ መከልከልም አይገባም። ነገር ግን ጎንደር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት የገባ ወጣት ያገኘው ከሻይ ቤት የሚወደድ፣ ከቢሮ የሚጠብ ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ስሙን ዳግመኛ ሲሰማ አያምነውም፤ ጉዳቱም ነገ በቅንነት ለሚከፍተው ሰው ይተርፋል። ይህ መመሪያ በፒያሳም ሆነ በማራኪ፣ በቀበሌ 18ም ሆነ በአዘዞ የጋራ የሥራ ቦታ ለመክፈት ላሰቡና ከፍተው ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ የሚጠበቀው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ኮዎርኪንግን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የጀመረው ብራድ ኑበርግ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ሲሆን፣ ኦገስት 9 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ስፓይራል ሚዩዝ በተባለ ቤት ውስጥ በወር 300 ዶላር እየከፈለ በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ለሌሎች ክፍት አደረገ። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣለትም። ሰውየው ይፈልግ የነበረው በራሱ የሚተዳደር ባለሙያ ያለውን ነጻነት፣ ከባልደረቦች ጋር አብሮ ከመዋል ጋር የሚያጣምር ቦታ ነበር፤ ምሳ በጋራ ይበላ ነበር፣ ሥራ ሰውን እንዳይውጠውም ቤቱ በእኛ አቆጣጠር 11፡45 ላይ ይዘጋ ነበር። ሐሳቡን ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ክፍት አድርጎ ተወው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዎችም መተባበርን፣ ግልጽነትን፣ ማኅበረሰብን፣ ተደራሽነትንና ዘላቂነትን የጋራ መርሖቻቸው አደረጉ።

ስሙ ወደ ትልቅ ገበያ ሲገባ የሆነውም መታወቅ አለበት። በ2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተመሠረተው ዊወርክ የተባለ የጋራ የሥራ ቦታ አከራይ ኩባንያ በ2019 መጀመሪያ ላይ 47 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ፣ በኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በእንግሊዝኛ «እኛ» ማለት የሆነውን «ዊ» የሚለውን ቃል በንግድ ምልክትነት ለመጠቀም ኩባንያው የመሥራቹ ድርሻ ላለበት ድርጅት 5.9 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የኩባንያ ድርሻ መክፈሉና ወቀሳው ሲበዛ ክፍያው መመለሱ፣ ነገሩ ምን ያህል ከመነሻው እንደራቀ ያሳያል። ለጎንደር ከፋች ግን የበለጠ የሚጠቅመው ትምህርት የኪሳራው ምክንያት ነው፦ ሕንፃ በረጅም ውል ተከራይቶ በአጭር ጊዜ ክፍያ ማከራየት፣ ተጠቃሚ ሲቀንስ ዕዳው እንዳለ እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ ከአከራይ ጋር ሲዋዋሉ የውሉን ዘመን አጠር አድርጎ የመታደስ መብትን ማስገባት ይሻላል። በኪራይ ዕዳ የተጨነቀ ሰው መርሑን ሳይወድ በግዱ ይሸጣል።

ቤቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ገጽ የማይበልጥ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። እድር ድንኳንና ሳህን ስላለው እድር አይባልም፤ አባሉ ለአባሉ የገባው ግዴታ ነው እድር የሚያሰኘው። የእናንተም ደንብ ሰዓትና ዋጋ ከመደርደር አልፎ አባል ለአባል ያለበትን ግዴታ መናገር አለበት፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ አባል በወር አንድ ሰዓት ያህል የሚያውቀውን ለሌላው እንደሚያሳይ፣ በቤቱ የሰማውን የሌላ ሰው የሥራ ምሥጢር ወደ ውጭ እንደማያወጣ፣ አዲስ ሰው ሲገባ ተነሥቶ እንደሚተዋወቅ በግልጽ ይጻፍ። ግልጽነት የሚለው መርሕ ደግሞ በጎንደር ምድር ሲወርድ የመብራትና የኢንተርኔት ወጪ በየወሩ ለአባላት መታየት ማለት ነው፤ ወጪውን ያየ አባል የዋጋ ጭማሪ ሲመጣ የሚያጉረመርመው በልኩ ነው።

ትርጉሙን በተግባር የሚይዘው ሰው አስተባባሪው ነው፤ ብዙ ከፋቾች ገንዘብ የሚቆጥቡትም በዚሁ ሰው ላይ መሆኑ ያሳዝናል። በር ላይ ተቀምጦ ክፍያ የሚቀበልና ደረሰኝ የሚቆርጥ ሠራተኛ አስተባባሪ አይደለም። አስተባባሪ ማለት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በመጀመሪያ ቀኗ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ወደ ቡናው ወስዶ፣ «እኚህ የአስጎብኚ ድርጅት አላቸው፣ የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ተቸግረዋል፤ አንቺ ደግሞ ድረ ገጽ የሚሠራልሽ ሰው እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ልጅ ይሠራል» ብሎ የሚያገናኝ ሰው ነው። ለዚህ እንዲረዳ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ይሰቀል፤ በአንደኛው ዓምድ አባሉ የሚችለው፣ በሁለተኛው የሚፈልገው ይጻፍ፣ አስተባባሪውም በየሰኞው ጠዋት ያድሰው። አንድ ወር ሳይነካ የቆየ ሰሌዳ አስተባባሪው ሥራውን እንዳቆመ ይናገራል።

ሙያዎች እንዲቀላቀሉ ሆን ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። ጎንደር ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ዩኒቨርሲቲዋ የተለያየ የጤና ሙያ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ማኅበረሰቡ የሚልክበት የቡድን ሥልጠና ለብዙ ዘመን የኖረ አሠራር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ብቻ የሚሞሉት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል፣ ፕሮግራመሮች ብቻ የሚሞሉትም ከአንድ ድርጅት ቢሮ አይለይም።

ስለ ክፍሉ አቀማመጥ ብዙ ማለት አያሻም። አንድ ትልቅ የጋራ ጠረጴዛ መሐል ላይ፣ ስልክ የሚነጋገሩበት በሩ የሚዘጋ ትንሽ ክፍል፣ በየወንበሩ አጠገብ ሶኬት ይኑር። በፒያሳ ካሉት በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን የሚከራይ ሰው፣ ወፍራሙ ግድግዳ የዋይፋይ ሞገድ ስለሚያዳክም ለየክፍሉ መሣሪያ መጨመር እንደሚኖርበት አስቀድሞ ያስላ። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መሰካት ግን ለእሳት አደጋ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ አይፈቀድ።

መብራት ሲሄድ ግን የቤቱ ማንነት ይታያል፤ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ (ኢንቨርተሩ) የሚችለው አምስት ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ፣ ማን ይሰካ የሚለው ጥያቄ በጉልበት ወይም በትውውቅ ከተፈታ አባላቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተቀናቃኞች ናቸው። ሕጉ አስቀድሞ ይጻፍ፦ በዚያ ሰዓት ሥራ የሚያስረክብ ወይም ከደንበኛ ጋር ቀጠሮ ያለው ይቅደም፣ ባትሪው የሞላለት ይንቀል፣ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ይቆይ። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ የገመድ መስመር ያለው ቤት ለብዙ ሰው እንጀራ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋ መጨመር ቀላል ነው፤ ለአባላት ዋጋው እንዳለ እንዲቀጥል፣ አባል ላልሆነው ደግሞ በቀን የተወሰነ ወንበር እንዲተው በደንቡ ላይ ማስፈር ግን ከመርሖቹ ሁሉ ተደራሽነትን በተግባር ያሳያል።

ዋናው ፈተና ከጎረቤት አስመሳይ ሳይሆን ከጥሩ ገንዘብ ጋር ይመጣል። አንድ ፕሮጀክት ወይም ድርጅት መጥቶ ከወንበሮቹ ግማሹን ለዓመት ልከራይ፣ ክፍያውንም በቅድሚያ ልስጥ ቢል እምቢ ማለት ይከብዳል። በእኔ አስተያየት ማንኛውም አንድ ደንበኛ ከወንበሮቹ ሩብ በላይ እንዳይዝ በደንቡ መወሰን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ሌሎቹ አባላት በእርሱ ቢሮ ውስጥ እንግዶች ይሆናሉ። የጥምቀት ሰሞንም ሌላ ፈተና ነው፤ ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ አዳራሹን ለማረፊያ ወይም ለድግስ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለሦስት ቀን የሚገኘው ገንዘብ ደስ ቢልም፣ የወር ክፍያ ከፍሎ በሩ የተዘጋበት አባል አይረሳውም። ማከራየት የግድ ከሆነ አባላቱ ቀድመው ተጠይቀው ከገቢው በቀጣዩ ወር ክፍያ ላይ ይቀነስላቸው።

የጋራ ምሳና ቡና እንደ ማስዋቢያ አይታዩ፤ ሰዎች ስለ ሥራቸው የሚጫወቱት በአብዛኛው እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም የሚቀመጥበት ምሳ ይኑር፣ ቀኑም ረቡዕና ዓርብ ባይሆን የጾሙን ነገር ያቀልላል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ምግቡ የጾም ይሁን። ሙስሊም አባላት በረመዳን ቀኑን ስለሚጾሙ በዚያ ወር ምሳውን በማፍጠሪያ መተካት ተገቢ ነው። ቡናው ከአቦል ሳያልፍ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው ቢኖር አይያዝ፤ ማኅበራዊ ኑሮ በግዴታ ሲሆን ሰው ይሸሻል።

ስሙን በተመለከተ፣ ሌላው ሰው እንዳይጠቀምበት ከመከራከር ይልቅ በራስ ታፔላ ላይ ሐቁን መጻፍ ይቀድማል። የምታቀርቡት የቢሮ ኪራይ ከሆነ «የሚከራይ ቢሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ የተከበረ ንግድ ነው። የራሳችሁን የንግድ ስም በሕጉ መሠረት አስመዝግቡ፣ ኮዎርኪንግ የሚለውን ግን ለሁሉም ተዉት። ጎረቤት ካፌ ስሙን ቢጠቀም ባለቤቱን ለሳምንቱ ምሳ ጋብዙት፤ ልዩነቱን ከክርክር ይልቅ አይቶ ይረዳዋል። በሌላው ዓለም ኮዎርኪንግ ቪዛ በሚባለው አሠራር የአንዱ ቤት አባል ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በዚያ ባለ ቤት ለጥቂት ቀን በነጻ ይሠራል፤ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ካለ ቤት ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት መፈራረም ይቻላል። ስምምነቱ ላይ ሁለቱም ቤቶች ደንባቸውን እንዲያያይዙ ይደረግ፤ ትርጉሙን ከማንኛውም ክስ የበለጠ የሚያስከብረው ይህ ነው።

በየሦስት ወሩ አስተባባሪው ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ ከዚህ ቤት አባላት የስንቱን ሙያ ያውቃሉ? ከማን ሥራ አገኙ ወይም ለማን ሰጡ? ባለፈው ወር ከማን ምን ተማሩ? መልሱ በጽሑፍ ይያዝ፣ ስም ሳይጠራም ለአባላት ይነበብ። መልሶቹ ባዶ ከሆኑ መጀመሪያ የሚፈተሸው የአስተባባሪው የሥራ ሰዓት ነው፤ ከጊዜው አብዛኛው በደረሰኝና በጽዳት ላይ ካለቀ፣ ለእነዚያ ሥራዎች ሌላ ሰው ይቀጠር። ይህም ተደርጎ በተከታዩ ሦስት ወር መልሱ ካልተለወጠ፣ ቤቱን መዝጋት አያስፈልግም፤ ታፔላውን አውርዶ «የሚከራይ ቢሮ» በሚል መተካት፣ ለአባላቱም ለውጡን አስረድቶ የቀረውን የወር ክፍያ ለፈለገ መመለስ ይበቃል።